ላፕቶፕ ከፈርምዌር አፕዴት በኋላ ሲንቀራፈፍ፤ ፎርማት ከማስደረግ በፊት

ትናንት ደህና ይሠራ የነበረ ላፕቶፕ ዛሬ አንድ የዎርድ ሰነድ ለመክፈት ደቂቃዎች ሲፈጅ፣ በከተማችን የተለመደው መፍትሔ ወደ ጥገና ቤት ወስዶ «ፎርማት አድርጉልኝ» ማለት ነው፡፡ ባለሙያውም ብዙ ጊዜ ለምን እንደዘገመ ሳይጠይቅ የተባለውን ያደርጋል፡፡ ችግሩ የመጣው ከፈርምዌር አፕዴት በኋላ ከሆነ ግን ፎርማት ማድረግ ገንዘብና ፋይል ከማስጠፋት ያለፈ ጥቅም ላይኖረው ይችላል፡፡ ምክንያቱም ፈርምዌሩ የሚገኘው በሃርድ ዲስኩ ውስጥ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ ባለ አነስተኛ ቺፕ ውስጥ ነው፡፡ ዊንዶውስን አጥፍቶ እንደገና መጫን ያንን ቺፕ አይነካውም፡፡

ፈርምዌር የምንለው ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሣውን ፕሮግራም ነው፡፡ ብዙዎች ባዮስ በሚለው የቀድሞ ስሙ ያውቁታል፤ የዛሬዎቹ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበት ተተኪው ዩኢኤፍአይ ይባላል፡፡ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ላይ ባዮሱ እንደገና ሊጻፍበት በማይችል ቺፕ ላይ ስለነበር፣ እሱን ለመለወጥ ቺፑን ራሱን ነቅሎ ሌላ መተካት ያስፈልግ ነበር፡፡ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን የፈርምዌር አፕዴት ከሌሎቹ አፕዴቶች ጋር ተቀላቅሎ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ሊመጣ ይችላል፡፡ ስለዚህ ብዙ ሰው «እኔ ምንም አልነካሁም» ሲል እውነቱን ነው፡፡

ፕሮሰሰሩ በምን ያህል ፍጥነት እንዲሠራ፣ ከቻርጀሩ ምን ያህል ኃይል እንዲወስድ፣ ማራገቢያው መቼ እንዲዞር የሚወስነው ይኸው ፈርምዌር ነው፡፡ አፕዴት ሲደረግ የሚለወጠውም ይህ ደንብ ነው፡፡ ከዚህ በኋላ የሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም፤ ቀስ በል ተብሎ ታዟል፡፡ መመርመር ያለበት ትእዛዙ ከየት እንደመጣና የሚሻር መሆን አለመሆኑ ነው፡፡

በቅድሚያ ግን አንድ ቀን ያህል መታገሥ አይከፋም፡፡ ፈርምዌሩ ከዊንዶውስ አፕዴት ጋር አብሮ የመጣ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ከጀርባ ሆኖ ፋይሎችን ያደራጃል፣ ቀሪ አፕዴቶችን ያወርዳል፣ ቫይረስ ይፈትሻል፡፡ ይህ በራሱ ጊዜ ያልፋል፡፡

ካላለፈ አንድ ቁጥር መመልከት ያስፈልጋል፡፡ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፡፡ እዚያ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ከዚያም «ሲፒዩ» የሚለውን ቢመርጡ፣ ከሥር «ስፒድ» በሚል ፕሮሰሰሩ በዚያች ቅጽበት የሚሠራበት ፍጥነት በጊጋኸርዝ ተጽፎ ያገኙታል፡፡ ሁለት ሦስት ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ ሲከፍቱ ቁጥሩ ወደ 2 ወይም 3 ከፍ የሚል ከሆነ ፕሮሰሰሩ ነፃ ነው፤ ጥፋቱን ሌላ ቦታ፣ በተለይም እዚያው ገጽ ላይ «ዲስክ» በሚለው ሥር ይፈልጉ፡፡ ቁጥሩ 0.39 ወይም 0.79 ላይ ተቸንክሮ ምንም ቢያሠሩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ፕሮሰሰሩ ታስሯል ማለት ነው፡፡

ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቻርጀሩ ነው፡፡ ይህ ነገር በእኛ አገር ከሌላው ይልቅ ይብሳል እላለሁ፤ ምክንያቱም ኦሪጅናሉ ቻርጀር ሲበላሽ ብዙዎቻችን ከገበያ ተመሳሳይ ገዝተን እንተካለን፡፡ የዴል ቻርጀር ጫፉ መሐል ላይ ቀጭን መርፌ አለችው፡፡ በእርሷ በኩል ላፕቶፑ የቻርጀሩን ማንነትና ስንት ዋት እንደሆነ ያነባል፡፡ ማንበብ ካልቻለ «የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ አልተቻለም» የሚል ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ባትሪውን ላይሞላ፣ ፕሮሰሰሩንም እጅግ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፡፡ አፕዴቱ ይህን ማጣሪያ ካጠበቀው ትናንት በዝምታ ያለፈ ቻርጀር ዛሬ ይታገዳል፡፡ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረጉ ላፕቶፖችም 65 ዋት ለምደው 45 ዋት ሲሰጣቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፡፡ ፍተሻው ቀላል ነው፡፡ ታስክ ማናጀሩን ከፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፡፡ በባትሪ ብቻ ሲሆን ቁጥሩ ወዲያው ሽቅብ ከወጣ ጉዳዩ አለቀ፤ የሚያስፈልግዎት ትክክለኛ ቻርጀር ነው፡፡

በዚህ ካልተፈታ፣ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው (ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ እሱንም አውጥተው) የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፡፡ ኃይልንና ማራገቢያን የሚቆጣጠረው ትንሽ ቺፕ አፕዴቱን ተከትሎ በተሳሳተ ሁኔታ ላይ ቆሞ ከሆነ በዚህ ይነቃል፡፡ የጥንቆላ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን አምራቾቹ ራሳቸው የሚመክሩት ነው፡፡

ሌላው አፕዴቱ አንዳንድ ምርጫዎችን ወደ ፋብሪካ ይዞታቸው መመለሱ ነው፡፡ ላፕቶፑ ሲነሣ ኤፍ 2 (በአንዳንዶቹ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 10) ተጭነው ወደ ባዮሱ ሲገቡ፣ «ቱርቦ ቡስት» የሚለው መብራቱን፣ የሙቀት አያያዙም «ኳየት» ከሚለው ዝምተኛ ምርጫ ላይ አለመሆኑን ያረጋግጡ፡፡ የሃርድ ዲስኩን አሠራር የሚመለከተውን፣ «ሬይድ» ወይም «ኤኤችሲአይ» የሚለውን ግን አፕዴቱ እንደለወጠው ካላወቁ በስተቀር አይንኩት፤ ዊንዶውሱ ጨርሶ አልነሣም ሊል ይችላል፡፡

የማይሻር ትእዛዝም አለ፡፡ እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሲሆኑ፣ ክፍተቱን ለመድፈን የወጣው አፕዴት ፍጥነት የሚቀንስ ሆነ፡፡ ማይክሮሶፍት በዚያው ወር እንዳስታወቀው፣ ዊንዶውስ 10 በጫኑ የ2016 እና ከዚያ ወዲህ ባሉ ማሽኖች ላይ ልዩነቱ ለብዙዎች የማይታወቅ ሲሆን፣ የ2015 እና ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ ግን ጎላ ያለ ነበር፡፡ ኢንቴል ደግሞ ጥር 22 ቀን፣ የላከው አፕዴት አንዳንድ ኮምፒዩተሮችን ሳይታሰብ እያጠፋ ስለሚያስነሣ ሥርጭቱ እንዲቆም አሳሰበ፡፡ ፈዋሹም ይሳሳታል ማለት ነው፡፡ በታኅሣሥ 2019 ፕለንደርቮልት የተባለው ክፍተት ሲገለጥ እንዲሁ፣ የወጣው አፕዴት ተጠቃሚዎች የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ዝቅ አድርገው ሙቀት የሚቀንሱበትን መንገድ ዘጋ፡፡ በዚያ መንገድ ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ላፕቶፕ ቶሎ መጋልና መዘግየት ጀመረ፡፡ ለደኅንነት ሲባል ፍጥነት መክፈል ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የማልቀበለው ለባለንብረቱ ሳይነገር መደረጉን ነው፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ተሸጠ ዕቃ ጉድለት ሲደነግግ፣ አምራቹ ዕቃው ከተሸጠ ከዓመታት በኋላ ከባሕር ማዶ ሆኖ ጠባዩን ይለውጠዋል ብሎ አላሰበም፡፡ በሌላ አገር ግን ጉዳዩ በሞባይል ስልክ በኩል ተፈትኗል፡፡ አፕል ያረጀ ባትሪ ያላቸው አይፎኖች በአፕዴት ምክንያት ሊዘገዩ እንደሚችሉ ለደንበኞቹ ባለመንገሩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በፈረንሳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማምቷል፡፡ ያስጠየቀው ማዘግየቱ ሳይሆን አለመናገሩ እንደነበር ልብ ይሏል፡፡

ሁሉም ሞክሮ ያልሆነለት ሰው ወደ ቀድሞው ፈርምዌር መመለስን ማሰብ ይችላል፡፡ አንዳንድ አምራቾች ይፈቅዳሉ፤ ሌሎቹ አፕዴቱ የደኅንነት ክፍተት የደፈነ ከሆነ መመለሻውን ይቆልፉታል፡፡ ከመጀመርዎ በፊት ግን ቢትሎከር የተባለው የዲስክ መቆለፊያ መብራት አለመብራቱን ይመልከቱ፡፡ ፈርምዌሩ ሲለወጥ ቢትሎከር ማሽኑ የተነካካ ስለሚመስለው 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፡፡ ቁጥሩን ያላገኘ ሰው ፋይሎቹን በሙሉ ያጣል፤ የትኛውም ጥገና ቤት አይመልስለትም፡፡ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ፣ ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነም በአይቲ ክፍሉ ዘንድ ይገኛል፡፡ አስቀድመው በወረቀት ይገልብጡት፤ ቢትሎከሩንም ለጊዜው ያግዱት፡፡

ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ ፈርምዌር መቀየር በፍጹም አይሞከር፡፡ ሥራው ተጋምሶ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቺፑን በልዩ መሣሪያ የሚጽፍ ባለሙያ ማፈላለግ ነው፡፡ ወደ ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነም የባዮሱን የቀድሞና የአሁን ቁጥር፣ አፕዴቱ የገባበትን ቀን፣ ታስክ ማናጀር ላይ ያዩትን ፍጥነት በቻርጀርና ያለ ቻርጀር ጽፈው፣ የሚጠቀሙበትን ቻርጀርም ይዘው ይሂዱ፡፡