ኤሪክ ሳቲ፤ ቀልዱና ቁም ነገሩ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አንድ ወዳጄ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛውን ሸክላ አሰማኝ። በመካከሉ የተለጠፈው ወረቀት ከመፋቁ የተነሣ በደኅና የሚነበቡት የደራሲው የኤሪክ ሳቲና የፒያኖ ተጫዋቹ የአልዶ ቺኮሊኒ ስሞች ብቻ ነበሩ። መርፌው እንዳረፈ የተሰማው ሙዚቃ እጅግ ዝግ ያለ ነው። ግራ እጅ በመጀመሪያ አንድ ወፍራም ድምፅ ይመታል፤ ቀጥሎም ከፍ ያለ ለስላሳ ኅብረ ድምፅ ያሰማል። ሁለት ዓይነት ኅብረ ድምፆች ብቻ ሳይቻኮሉ ይፈራረቃሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ቀኝ እጅ በላያቸው ብቸኛ ዜማ ይዘረጋል። ይህ ቁራጭ «ዢምኖፔዲ» ከተባሉት ሦስት ሥራዎች የመጀመሪያው መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ለመዝሙር የሚሆን ኦርጋን መጫወት ተምሬ ነበር። መምህራችን አዘውትረው የሚነግሩን ሕግ፣ የሚጋጭ ድምፅ ቢኖር በሚከተለው ኅብረ ድምፅ ውስጥ መታረቅ አለበት የሚል ነው። አንድ ቀን ሳላስታርቅ የተውሁትን ሰምተው በጓደኞቼ ፊት «ይህ ስንፍና ነው» አሉኝ። ከዚያም ወዲያ ኦርጋኑን እምብዛም አልነካሁትም። ሳቲ ግን በዚህ ሸክላ ላይ እንዲህ ያለውን ድምፅ ሳያስታርቅ ያልፋል፤ ጆሮዬም ቅር አላለውም። ታዲያ ይህ ሰው ሕጉን ያፈረሰው ባለማወቅ ነው ወይስ ዐውቆ? ይህ አጭር ጥናት መልሱን ከሰውዬው ታሪክ ለመፈለግ የተጻፈ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳቲ በ1866 ዓ.ም. በኖርማንዲ ባለችው የወደብ ከተማ በኦንፍለር ተወለደ። ስኮትላንዳዊ ትውልድ የነበራት እናቱ በ1872 ሞተችበት። በ1879 ወደ ፓሪስ ኮንሰርቫቷር ገባ፤ መምህራኑም ተሰጥዎ እንዳለው ሳይክዱ ሰነፍ መሆኑን በመዝገብ አሰፈሩበት። በ1882 ከትምህርት ቤቱ ተሰናበተ፤ በ1885 ተመልሶ ቢገባም ሳይመረቅ በ1886 ለውትድርና ሄደ። የሰፈሩን ሕይወት ስላልወደደው በክረምት ሌሊት ደረቱን ለብርድ ገልጦ ሆን ብሎ ታመመና ተሰናብቶ ወጣ።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ዓመታት አንባቢ በጥንቃቄ እንዲመለከትልኝ እለምናለሁ። ሦስቱ «ሳራባንዶች» የተጻፉት በ1887፣ ሦስቱ «ዢምኖፔዲዎች» ደግሞ በ1888 ነው። ሳቲ ያን ጊዜ ዕድሜው ከ22 አይበልጥም። የብዙ ፈረንሳውያን ደራስያን ልብ በጀርመናዊው በዋግነር ታላላቅ ኦፔራዎች ተማርኮ በነበረበት ወራት፣ ይህ ወጣት ጥቂት ድምፅ ብቻ የያዘ፣ የማይጮኽና የማይቸኩል ሙዚቃ አቀረበ። በ1890 በጀመራቸው «ግኖስየን» በተባሉት ሥራዎች ደግሞ ምቱን የሚከፋፍለውን መስመር ጨርሶ አስቀረ። በመስመሩም ፈንታ ለተጫዋቹ በቃላት መመሪያ ጻፈለት፤ በአንዱ ስፍራ ራሱን እንዲጠይቅ፣ በሌላው በሐሳቡ ጫፍ እንዲነካ ያዘዋል።

ስለ ሳቲ በብዛት የሚነገሩት አስቂኝ ወሬዎች የተከሠቱት አብዛኛውን ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ ነው። በ1893 ከራሱ በቀር ምእመን የሌላትን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። በዚያው ዓመት አካባቢ የጻፈውን «ቬክሳስዮን» የተባለ አጭር ቁራጭ 840 ጊዜ መደጋገም ለሚፈልግ ሰው ማሳሰቢያ አኖረበት፤ ይህንም በ1963 ጆን ኬጅ በኒው ዮርክ ፒያኖ ተጫዋቾችን እያፈራረቀ ከ18 ሰዓት በላይ በወሰደ ጊዜ አስፈጸመው። በ1895 ሰባት አንድ ዓይነት የከፋይ ልብስ ገዝቶ ለዓመታት እነዚያኑ ለበሰ። በ1903 «በእንኮይ ቅርጽ የተሠሩ ሦስት ቁራጮች» ብሎ የሰየመው ሥራም ሲቈጠር ሰባት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ወሬውን ብቻ የሰማ ሰው ሙዚቃውንም የቀልድ ውጤት አድርጎ ቢገምት አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የዓመቶቹ ቅደም ተከተል ይህን ግምት ያፈርሳል።

ለጥያቄዬ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ግን በ1905 የተፈጸመው ነገር ነው። ሳቲ በ39 ዓመቱ፣ ወዳጁ ደቡሲ ዝነኛ ሆኖ ሳለ፣ ስኮላ ካንቶሩም በተባለው ትምህርት ቤት እንደ ጀማሪ ተመዘገበ። በዕድሜ ከእርሱ ከሚያንሰው ከአልቤር ሩሴል ዘንድ የዜማ አጣማጅነትን ሕግ፣ ማለት ኮንትራፑንቱን ተማረ፤ በ1908ም በመልካም ውጤት ምስክር ወረቀቱን ተቀበለ። ይህ የሰነፍ ሰው ሥራ አይደለም። እንግዲህ መልሱ ሁለት ክፍል አለው። በ1887 ሕጉን አሟልቶ አላወቀም፤ ጆሮው ግን የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። ከ1908 በኋላ ደግሞ ሕጉን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ እንደ ገና የራሱን መንገድ መረጠ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። በ1911 ራቬል በአደባባይ ተጫውቶ ሳቲን ያስከበረው በወጣትነቱ በጻፋቸው ሥራዎች ነው። ደቡሲም ከዢምኖፔዲዎቹ ሁለቱን ለኦርኬስትራ አዘጋጅቶ በ1897 ተሰምተው ነበር። ሰዎች የወደዱት ከትምህርቱ በፊት የሠራውን ከሆነ፣ ትምህርቱ ምን ፈየደለት? የሚል ይኖራል። እኔ ግን እንደሚመስለኝ በ1917 ከኮክቶና ከፒካሶ ጋር ለዲያጊሌቭ የባሌት ቡድን ያዘጋጀው «ፓራድ»፣ ከዚያም ስለ ሶቅራጥስ ሞት የደረሰው «ሶክራት» ያለዚያ ድካም የሚገኙ አልነበሩም። በተለይ «ሶክራት» ከቀልድ ፈጽሞ የራቀ ነው።

ሳቲ ከ1898 ጀምሮ የኖረው ከፓሪስ ውጭ በአርከይ፣ ድኾች በሚኖሩበት ሰፈር በአንዲት ክፍል ነበር። ወደ ከተማው 10 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ይመላለሳል። የሰፈሩን ልጆች ሽርሽር ይወስድ ስለ ነበር በ1909 ለዚህ አገልግሎቱ መንግሥት ኒሻን ሰጠው። ወደ ክፍሉ ግን ለ27 ዓመታት እንግዳ አላስገባም። በሐምሌ 1925 ሲሞት ወንድሙና ሙዚቀኛው ዳርዩስ ሚዮ ከጥቂት ወዳጆች ጋር በሩን ከፍተው ገቡ። ያገኙትም አቧራና ቆሻሻ፣ ብዙ ጃንጥላ፣ አገልግሎታቸው ያበቃ ፒያኖዎችና ጠፋ ተብሎ የነበረ የሙዚቃ ጽሑፍ ነበር። ሲያስቅ የኖረው ሰው ድኽነቱን በዚያ በር ደብቆት ነበር።

አልዶ ቺኮሊኒ በናፖሊ በ1925 ተወለደ፤ ይኸውም ሳቲ በሞተበት ዓመት ነው። በኋላ የፈረንሳይ ዜጋ ሆኖ በ2015 ያረፈው ይህ ሰው የሳቲን ፒያኖ ሥራዎች ሁለት ጊዜ አሰባስቦ በሸክላ አስቀርጿል። ሸክላ አንድ ነገር ያስቀራል፤ ሳቲ በመስመሮቹ መካከል ለተጫዋቹ የጻፋቸው ቀልዶች አይሰሙም። ሳቲ ራሱም በ1914 በአንድ ሥራው መግቢያ ላይ ጽሑፉ ከሙዚቃው ጋር ጮኾ እንዳይነበብ ከልክሏል። ስለዚህ ሸክላው እንደ እኔ ያለውን ሰሚ ከወሬው አስቀድሞ ከድምፁ ጋር አስተዋወቀው፤ ይህም ለፍርድ የተሻለ መንገድ ይመስለኛል።

የቀድሞ መምህሬን አልወቅስም። ያስተማሩን ሕግ እውነተኛ ነው፤ ሳቲም ቢሆን በ39 ዓመቱ ደጅ ጠንቶ የተማረው ያንኑ የመሰለ ሕግ ነው። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያልታረቀውን ድምፅ ስንፍና ብለው ከመሰየማቸው በፊት ለምን እንዲህ አደረግህ ብለው ቢጠይቁኝ መልስ ነበረኝ። የኮንሰርቫቷሩም መዝገብ «ሰነፍ» ብሎ ጽፎ ዘጋ እንጂ አልጠየቀም። የታሪክ ተማሪዎችም እንዲህ ያለ መዝገብ በእጃችን ሲገባ፣ ስለ ተመዘገበው ሰው የሚነግረንን ያህል ስለ መዝጋቢውም እንደሚነግረን መዘንጋት አይገባንም።