ስለ ባሕር ዳር ሦስት ቤቶች

የከተማን ታሪክ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ቤቶቹን ይመልከት፤ ባለቤቱ ዝም ባለ ጊዜ ቤቱ ይናገራልና። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳር የተመሠረተችው ባሕር ዳር ሦስት ዓይነት ቤት አይታለች፤ ይኸውም የድንጋይ፥ የብሎኬትና የሣር ነው።

የድንጋዩ ቤት በቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ቅጽር ይገኛል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እስፓኛዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው ይነገራል። የሰውየው ትምህርት ከአገር ወጣ፤ ግንቡ ግን በደብሩ ጥበቃ ቀረ።

የብሎኬቱ ቤት ነገር ከጦርነት ይጀምራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 በፓሪስ በተደረገው ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነባት። ኋላም ከተከፈለው ካሣ ከፊሉ በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሆኖ በ1961 ሥራ ጀመረ። በ1963 የሶቪየት ኅብረት ያሠራው ፖሊቴክኒክ ተከፈተ፤ በ1964 የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ተከተለ። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ማክስ ጉተር የከተማውን ፕላን ነደፈ። መንገዱ ሰፋ፥ ግራና ቀኙም በዘንባባ አጌጠ፤ ጣራቸው ቆርቆሮ፥ መስኮታቸው ሰፊ፥ ደጃቸው በረንዳ የሆነ ዝቅ ያሉ ቤቶች በየግቢያቸው ተሠሩ። በደም ዋጋ የተገዛው አኬልዳማ የእንግዶች መቃብር ሆነ፤ በደም ካሣ የቆመው ፋብሪካ ግን ከየአገሩ ለመጣው እንግዳ እንጀራ ሆነ።

ሦስተኛው የነገደ ወይጦ ቤት ነው። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፥ ዓሣ የሚያጠምዱ፥ በሐይቁ ዳር የኖሩ ሕዝብ ናቸው። የገዳማቱ እህልና እንጨት የተሻገረው በደንገል ታንኳ ነው። ነገር ግን የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ሰው ሁሉ ተጸየፋቸው፤ ካህኑም በዚህ ነገር ከሕዝቡ አልተለየም። ከተማው ሲሰፋ የሐይቁ ዳር ለቤትና ለመናፈሻ ተፈለገ፤ እነርሱም ደጋግመው ተነሡ። በናቡቴ ላይ ሁለት ሐሰተኞች ምስክሮች ቆሙበት፤ በወይጦ ላይ ግን ምስክር እንኳ አላስፈለገም፤ የሣር ቤት ሲፈርስ መሠረት አይተውምና።

ከተማ ያለ መንገድና ያለ ሥራ አይቆምም የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ዛሬ ደግሞ እነዚያ የብሎኬት ቤቶች በተራቸው ለፎቅ ቦታቸውን እየለቀቁ ነው፤ በውስጣቸው ያደጉትም ያዝናሉ። ኀዘናቸው የተገባ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ ከመሠራቱ በፊት በዚያ ቦታ ማን እንደ ነበረ ቢጠይቁ ኀዘናቸው ፍጹም ይሆናል።

ደብሩ ሃይማኖቱን ያልተቀበለውን ሰው ግንብ እስከ ዛሬ ጠብቆ አኑሯል። እንግዲህ በታንኳው የተሻገረበትን ጎረቤት፥ ሽማግሎቹ ሳያልፉ፥ የሰፈሩን ስምና የተነሣበትን ዘመን ጠይቆ በመዝገቡ ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? ድንጋይ ራሱን ይጠብቃል፤ ደንገል ግን ጠባቂ ይሻል።