የዕድሩ ድስት

ሰው ሲሞት ከዕድሩ ዕቃ ቤት ቀድሞ የሚወጣው ድንኳኑ ነው። ከኋላው አግዳሚው፣ ሳህኑ፣ ጆጉ፣ በመጨረሻም ሁለት ሰው የሚሸከመው ብረት ድስት ይከተላል። ጎኑ ላይ የዕድሩ ስም በቀለም ተጽፎበታል፤ እንዳይጠፋ። መርካቶን የነጋዴ ሰፈር ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ድስት ልብ አላለውም።

አዲስ አበባ የተወለደችው በረሃብ ዋዜማ ነው። በ1879 ዓ.ም ተቆረቆረች፤ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች የተነሣው በሽታ አገር አዳረሰ። በሬ አለቀ፣ እርሻው ጦም አደረ፣ ክፉ ቀን መጣ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ፣ የበሬ ሥጋም እንደተዉ ይነገርላቸዋል። የተራበው ወደ እንጦጦ ጎረፈ፤ የቤተ መንግሥቱ ጎተራም ተከፈተለት። ያ ግን ከላይ የሚወርድ የንጉሥ ችሮታ ነው። መርካቶ የለመደው ከጎን የሚመጣውን ነው።

ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ነቅሎ ወደ ምዕራብ የወሰደው በወረራው ዘመን ጣሊያን ነው፤ ነጩን ካገሬው ሊለይ። ለመለያየት በታቀደው ሰፈር አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ሆኑ። ወር በገባ በአንደኛው ቀን በራጉኤል ደጅ ነዳያን ይሰለፋሉ። የሰንበቴ ማኅበርተኛም ተራው ሲደርስ ዳቦ ደፍቶ፣ ጠላ ጠምቆ ይመጣል፤ ከዚያ ድኻው ድርሻ አለው። በረመዳን ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ተምሩ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ይዘረጋል።

ዕድርን ብዙ አጥኚዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ከተማዋ ከመጡ የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። የዕድሩ ሴቶች ጭስ እየጨረሳቸው ወጡን ሲያማስሉ ደመወዝ የለም፤ የቀረች ግን ትቀጣለች። በጎ ፈቃድ በቅጣት!

ይሁንና የዕድሩ ድስት ለአባል ነው። ለማያውቁት ሰው ወጥ መጣድ ሌላ ነገር ነው። በ1965 ዓ.ም የወሎ ረሃብ ሲሰማ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቁርሳቸውን ለተራበው ተዉ። በ1972 ዓ.ም ደግሞ ወይዘሮ አበበች ጎበና ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ የወደቀ ሕዝብ አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል አከፋፈሉ፤ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያገኟትን ሕፃን ይዘው ተመለሱ። የሰበሰቧቸው ልጆች ሲበዙ ትዳራቸው ፈረሰ። እንጀራና ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው፤ በ2013 ዓ.ም እስካረፉም ድረስ ልጆችን ከማሳደግ አልተለዩም።

መርካቶ ሌላም ገጽ አላት። ከሆቴል የተረፈው ምግብ ተሰብስቦ «ቡሌ» እየተባለ በጉርሻ ልክ ይሸጣል። ሽሮው፣ ፓስታው፣ የሥጋው ቅሪት አንድ ላይ የተደባለቀ ነው፤ ገዢው ቆሞ ይጎርሳል። ይህ እያለ ከተማው ጠግቧል የሚል ሰው በዚያ አላለፈም።

አሁን ከተማ አስተዳደሩ የምገባ ማዕከላት ከፍቷል፤ በኮሮና ጊዜም «ማዕድ ማጋራት» የየሰፈሩ ቋንቋ ሆኖ ነበር። የጎደለው ብዙ ጊዜ እህሉ አይደለም፤ እጅ ነው። ለመቶ ሰው የሚሆን ሽንኩርት ጎህ ሳይቀድ መላጥ አለበት፤ ምስሩ መለቀም፣ ድስቱ መታጠብ አለበት። ማገዝ የሚሻ ቢላዋውን ይዞ በጠዋት ይምጣ።