ቃዲ ፊት በፈቃድ

እስቲ በቁጥር እንጀምር። ሙስሊም አባት ሚስት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ቢሞት፣ ዕዳው ተከፍሎና ኑዛዜው ተፈጽሞ የተረፈው ውርስ በሸሪዓ 24 ቦታ ይከፈላል፤ 3ቱ ለሚስት፣ 14ቱ ለወንዱ፣ 7ቱ ለሴቷ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ልጆችን እኩል ያወርሳል። ታዲያ በየትኛው ይሁን?

በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 62 ለቃዲ ፍርድ ቤቶች የጋብቻና የውርስ ሥልጣን ሰጠ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ እነሱ ዝም ቢልም ሥራቸውን አላቆሙም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ፈቀደ፤ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ብቻ። አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ይህንኑ አጸና።

ቃሉ የተፈተነው በአንድ የውርስ ክርክር ነው። አንዲት ሴት በሸሪዓ መዳኘት አልፈልግም ብትልም ፍርድ ቤቱ ቀጠለ። ነገሩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ።

ለተስማሙ ወራሾች የሸሪዓው በር ዛሬም ክፍት ነው። እናም ወንድሞች፣ ከስሌቱ በፊት እህታችሁን ጠይቋት። እህቶችም፣ መጥሪያ ከመጣ ቅረቡና ሐሳባችሁን ተናገሩ፤ መጥሪያ ደርሶት የቀረን ሰው አዋጁ እንደተስማማ ይቆጥረዋል።