የሚጾመው ነብር፤ አውሬ፣ ፍርሃትና ሳቅ ከዶርዜ እስከ ኮሪያ ፊልም

ሰው ጎጆ ቀልሶ ከብት ማርባት ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ በሌሊት የሚመጣው በላተኛ አውሬ የፍርሃቱም የትረካውም ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሕዝብ የሚፈራውን በፍርሃት ብቻ አይተርክም፤ በሚፈራውም ነገር ይስቃል። ፍርሃትና ሳቅ በአንድ ታሪክ ውስጥ እንዴት አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ መመርመር ለኪነ ጥበብ ሠራተኛ የዋዛ ጉዳይ አይደለም። ለዚህ ምርመራ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ ደጋ የሚገኘው የዶርዜ አገር መልካም መነሻ ይሆናል።

ዶርዜዎች በሽመናቸው፣ በእንሰት እርሻቸውና በቤት አሠራራቸው የታወቁ ናቸው። በመካከላቸው ተቀምጦ ያጠናው ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ አባባላቸውን ለዓለም አስተዋወቀ። እንደ ዶርዜዎች አነጋገር ነብር ክርስቲያን ነው፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን አጽዋማት ያከብራል። ነገር ግን ይህን የሚናገረው ዶርዜ ረቡዕና ዓርብም ቢሆን እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ከብቱን ከመጠበቅ አይቦዝንም። ተመራማሪው ይህን እንደ ሞኝነት አልቆጠረውም። ይልቁንም ሰው አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ የሚይዝበት መንገድ ከአንድ በላይ መሆኑን ለማስረዳት ዋነኛ ምሳሌው አደረገው።

ይኸው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ሌላ ጽሑፉ፣ በ1961 ዓ.ም. አንድ የዶርዜ ሽማግሌ ወደ እርሱ መጥተው ዘንዶ እንዲገድል እንደ ጠየቁት ይተርካል። ዘንዶው ልቡ ወርቅ ነው፤ በማጅራቱ ላይ አንድ ቀንድ አለው፤ የሚኖርበትም ስፍራ ቢበዛ የሁለት ቀን መንገድ ነው። አስፈሪውን አውሬ እንዲገድል የታጨውም የአገሩን ዱር የሚያውቅ አዳኝ ሳይሆን የሰውን ወግ ሊያጠና የመጣ እንግዳ ነበር። በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ አስፈሪውና አስቂኙ የማይነጣጠሉ ሆነው ይታያሉ።

የዶርዜ ቤትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከቀርከሃ ተሸምኖ በእንሰት ቅጠል የሚሸፈነው ይህ ቤት ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ፊቱም የዝሆን ፊት ይመስላል። ዝሆኖች በዚያ አገር ይኖሩበት የነበረውን ዘመን ለማስታወስ እንደሆነ ይነገራል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም እንዳለ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወሰዳል። አንድ ዘመን ያስፈራ የነበረው ግዙፍ አካል በሕዝብ ጥበብ ተለውጦ ቤተሰብ የሚያድርበት መጠለያ ሆኗል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቴያትር ጅማሬም ከአውሬ ጋር የተያያዘ ነው። በሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ያቀረቡት ድራማ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ነበር። መሠረቱ የላ ፎንቴን ተረቶች ሲሆኑ፣ አውሬዎቹ የሚናገሩት ግን ስለ ሹማምንት በደልና ስለ ሥርዓቱ ኋላ ቀርነት ነበር። መኳንንቱ አውሬውን አይተው ራሳቸውን ስላወቁ ድራማው ታገደ። ከዚህ እንደምንረዳው አውሬ በመድረክ ላይ ሲያስቅ የሚያሰጋው ጥርሱ ሳይሆን መስተዋትነቱ ነው።

በፊልም ጥበብም ይኸው ሕግ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ በተሠራው «ጆውስ» ፊልም ሰው በላው ሻርክ መካኒካዊ አሻንጉሊት ነበር። በባሕር ውኃ ውስጥ በተደጋጋሚ ስለተበላሸ ዲሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ አውሬውን ከማሳየት ይልቅ ምልክቱን ለማሳየት ተገደደ፤ ፍርሃቱም በዚያው በረታ።

የቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በተዋጋባት ኮሪያ፣ የደቡቡ ክፍል የፊልም ሠሪዎች ይህን ትምህርት ተቀብለው ሳቅን ጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቦንግ ጁን ሆ በሠራው፣ ስሙ በአማርኛ «ጭራቅ» እንደማለት በሆነው ፊልም፣ አውሬው የሚወለደው ወደ ሃን ወንዝ ከተደፋ መርዝ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2000 በሴኡል ከሚገኝ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ኬሚካል የተደፋበት እውነተኛ ድርጊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሺን ጆንግ ዎን «ቻው» በተባለው ፊልሙ አንድን ተራራማ መንደር የሚያሸብር ግዙፍ የዱር አሳማ አቀረበ። በዚህ ፊልም ከአውሬው ይልቅ የሚያስቁት ሰዎቹ ናቸው። ከከተማ ለሚመጡ ሰዎች የታቀደው የእርሻ ቦታ ገበያ እንዳይበላሽ የሚጨነቁ የመንደር መሪዎች አሉ፤ ዝነኛ አዳኞች ይጠራሉ፤ አንድ አሳማ ተገድሎ ድግስ ይደገሳል። የተገደለችው ግን ሴቷ ነበረችና ወንዱ በድግሱ መካከል ይደርሳል።

የኮሪያው መንደር ችግሩ አለቀ ብሎ ጥበቃውን በጣለ ጊዜ ተበላ። ዶርዜው ግን ነብሩ ይጾማል እያለ በጾም ቀን ከብቱን ይጠብቃል። ከሁለቱ የትኛው ብልህ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። የሕዝብን አባባል ኋላ ቀር እምነት ነው ብሎ መጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዚያ አባባል ውስጥ ለመድረክም ለፊልምም የሚበቃ ፍርሃት፣ ሳቅና ማስተዋል አለ። መምህሩ ይህን ከሽማግሌዎች አፍ ሊያሰባስበው፣ ካድሬው ሊያከብረው፣ አርቲስቱም መልክ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ሳይሆን ቢቀር ሽማግሌዎቹ ባለፉ ቁጥር ትረካውም፣ ምስጥ እንደሚበላው የዶርዜ ቤት፣ ከሥሩ እየተበላ ያጥራል።