የመድን መዝገብና መሣሪያ ሻጮቹ

መድን የሚባለው ሥራ ያለ መዝገብ አይቆምም። ማን መቼ ገባ፣ ስንት ከፈለ፣ ምን ደረሰበት፤ እኛም በዕድራችን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። የመድን ድርጅቶች ከብዙዎች ቀድመው የመቁጠሪያ መሣሪያ ገዢዎች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካን አገር ፕሩደንሻል የተባለው የሕይወት መድን ድርጅት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በተበሳ ካርድ መሥራት ጀምሮ ነበር። የድርጅቱ ሒሳብ ሊቅ ጆን ጎር የሌላ ሰው መሣሪያ ከመከራየት ብሎ የካርድ መለያ ማሽን ራሱ ፈለሰፈ። ሌሎቹ ግን በኪራይ ነበር የሚሠሩት። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ድረስ ማሽኑን ያከራይ እንጂ አይሸጥም ነበር፤ ካርዱን ደግሞ ራሱ ይሸጥ ነበርና ከአንዱ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ይበላል። ነጋዴ ከተባለ አይቀር እንዲህ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1948 ፕሩደንሻል ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ገና ተሠርቶ ሳያልቅ ለመግዛት ተዋዋለ። ሠሪዎቹ ኤከርትና ሞክሊ ግን ገንዘብ አጠራቸውና በ1950 ድርጅታቸው ወደ ሬሚንግተን ራንድ ኩባንያ እጅ ገባ፤ የፕሩደንሻልም ውል ሳይፈጸም ፈረሰ። በ1954 ሜትሮፖሊታን ላይፍ የተባለው ድርጅት ዩኒቫክን አስተከለ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የመጀመሪያው አይ.ቢ.ኤም. 650 ቦስተን ከተማ በጆን ሃንኮክ መድን ድርጅት ቢሮ ገባ። ዩኒቫክ የሚሠራው በማግኔት ክር ሲሆን፣ 650 ግን ድርጅቶቹ መጋዘን ሙሉ ያከማቹትን ካርድ እንዳለ ያነብ ነበር። ገበያው ወደ አይ.ቢ.ኤም. ያዘነበለው በአብዛኛው በዚህ ነው። የአሮጌው መዝገብ ጉዳይ የአዲሱን መሣሪያ ዕጣ ወሰነ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች መወረሳቸው ይታወሳል። በአዋጅ ቁጥር 68/1967 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት፣ አዋጅ ቁጥር 86/1986 ለግል ኩባንያዎች በር እስኪከፍት ድረስ ብቻውን ሠራ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በዛ፤ መሣሪያና ፕሮግራም ፈላጊውም እንዲሁ። ታዲያ ከውጭ የሚመጣው ፕሮግራም ዓመትን በ12 ወር የሚቆጥር ነው። ጳጉሜን የት ያግባት? ፊደላችንም ቢሆን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ የአማርኛ ስም በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር መጣ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ ከፈረንሳዩ አክሳ ሪ ጋር ተዋዋለ፤ ዓረቦኑ 930,000 ዶላር፣ ከፍተኛው ካሣ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ክፍያው የተመሠረተው በ26 የአየር ጠባይ ጣቢያዎች በሚለካ ዝናብ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ በመልካም ስለዘነበ ካሣ አልተከፈለም። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ በአዲ ሓ 200 አባወራዎች ዝናቡን በሳተላይት በሚለካ መድን ገቡ፤ ኒያላ ኢንሹራንስና የስዊስ ሪ ኩባንያ ነበሩበት። በ2004 ዓ.ም. ኦሮሚያ ኢንሹራንስ በቦረና ለከብት መድን ጀመረ፤ በዚህኛው ሳተላይቱ የሚያየው የግጦሹን ልምላሜ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። አገሩ በጠቅላላ ለምልሞ ከታየ፣ የአንድ ሰው ላም ብትሞትም ቁጥሩ አያውቃትም፤ ውሉ የላሟን ሬሳ አይጠይቅምና። ዓረቦን ከፍሎ ከብቱን አጥቶ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው ይኖራል ማለት ነው። በእርግጥ ካሣ ገማች በየበረሃው እየላኩ እያንዳንዱን ከብት ማስቆጠር ዓረቦኑን ድኻ የማይቀምሰው ያደርገዋል፤ ስለዚህ መሣሪያውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ጎረቤት ግን ላሟን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ መረመረ። የዝናብ መድን ለገጠር ዕድሮች ሲቀርብ፣ አባላቱ ቁጥሩ የሳተውን ጉዳት እርስ በርስ እንዴት እንደሚካፈሉ የተማሩበት ዕድር፣ የግለሰብ ጥቅም ብቻ ከተነገረው ዕድር ይልቅ ብዙ ገዢ አገኘ። ለእኛ ለዕድርተኞች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሐዋሳ ሰው ሲቸገር ድንኳኑ የሚተከለው ሳተላይት ተጠይቆ አይደለም።

የእኛም መዝገብ አሁን በር የሚያንኳኳ ሻጭ አግኝቷል። መዋጮው በስልክ እንዲከፈልና የአባላት ስም በኮምፒዩተር እንዲያዝ ሐሳብ ቀርቧል። በስልክ መክፈሉን እኔ እደግፋለሁ፤ ከከተማ ርቆ የሚሠራው አባል ወር በገባ ቁጥር በዘመዱ ከመላክ ይድናል። ስለ መዝገቡ ግን ሻጩ በጽሑፍ እንዲመልስልን የምንፈልገው አለ፦ ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ ወይም ኪራዩን ቢጨምርብን የአባላቱ ስም በምን መልክ ይመለስልናል? የፕሩደንሻልን ውል አይተናል። መልሱ እስኪመጣ ጸሐፊያችን በደብተሩ መመዝገቡን ይቀጥላል፤ የሻጩ የዋጋ ወረቀትም እርሱ ዘንድ ስላለ ማንኛውም አባል መዋጮ ሲከፍል ጠይቆ ማየት ይችላል።