ማን ለካው? ወረቀቱስ በማን እጅ ነው?

አፓርታማ ሻጭ ደውሎላችሁ ያውቃል? እኛ ተደውሎልናል። ኪሳችን ባዶ መሆኑን ከድምፃችን ያልለየ የዋህ ሰው መሆን አለበት። ከዋጋው ቀጥሎ የመጣው ቃል «ሕንፃው አረንጓዴ ነው» የሚል ነበር። «ማን መሰከረለት?» ብለን ስንጠይቅ ስለ ግቢው ሣርና ስለ በረንዳው አበባ ነገረን።

ጥያቄያችን ግን ከሪል ስቴት የቆየ ነው። ማን ለካው? ምን ብሎ ጻፈው? ወረቀቱስ በማን እጅ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የጎጃም ገበሬ ከአያት እስከ ልጅ ሲጠይቃቸው ኖሯል፤ አንዳንዴም ጠመንጃ ይዞ። ዛሬ የፋብሪካ ጣሪያ በበቀለባት ቡሬ ደግሞ ጥያቄው በአዲስ መልክ ተመልሷል። ስለዚህ ወሬያችንን ከአዲስ አበባ እናንሳና በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል፣ በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ የወረቀትን ታሪክ እንከተል። አስቀድመን ግን ስለ ዛሬው ወረቀት ትንሽ እንበል።

አረንጓዴነት ፋይል ነው

ሕንፃን በአካባቢ ጥበቃ መመዘን የጀመረው ቀዳሚው ሥርዓት የእንግሊዞቹ ብሪያም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ። አሜሪካኖች በ1993 የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤታቸውን አቋቁመው በ1998 ሊድ የተባለውን መመዘኛ መሞከር ጀመሩ። ሊድ ነጥብ ይሰጣል። ከ110 ነጥብ 40 ያገኘ ይመሰከርለታል፣ 50 ብር ነው፣ 60 ወርቅ፣ 80 ደግሞ ፕላቲነም። ለታዳጊ አገሮች ታስቦ በዓለም ባንክ ቡድን በኩል የመጣው ኤጅ ቀለል ይላል። በአካባቢው ከተለመደው አሠራር ጋር ሲነጻጸር በኃይል፣ በውሃ፣ እንዲሁም በግንባታ ዕቃው በኩል፣ በሦስቱም ቢያንስ 20 በመቶ መቆጠብ ነው መስፈርቱ።

ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ሕንፃውን ከመንገድ ማዶ ቆሞ አይቶ የሚመሰክር የለም። የሚመረመረው ፋይሉ ነው። በኤጅ ሥርዓት መጀመሪያ ዲዛይኑ ይታያል፣ ከግንባታው በኋላ ኦዲተር ቦታው ድረስ ሄዶ ያመሳክራል። ፋይሉ ውስጥ ፕላን፣ የሒሳብ ስሌት፣ የአምራቹ የዕቃ መግለጫ፣ የግዢ ደረሰኝና ፎቶግራፍ ይገባል። ጣሪያ ውስጥ የገባ የሙቀት መከላከያ ኮርኒሱ ከተመታ በኋላ አይታይም፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧም እንዲሁ። ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ያላነሳ ባለሙያ በኋላ ቢምልም ሰሚ የለውም።

ሊድ ደግሞ አንድም ነጥብ ሳይቆጥር በፊት የሚጠይቀው ግዴታ አለ፦ በግንባታው ወቅት አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ የተጻፈ ዕቅድ። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ጎጃም ስንደርስ እንመለስባታለን።

ገማች ሲመጣ

እንግዲህ ወደ ኋላ። በንጉሡ ዘመን የጎጃም መሬት በአብዛኛው ርስት ነበር፤ በዘር ሐረግ ተቆጥሮ ከአባትም ከእናትም የሚወረስ። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቃላድ ተጥሎ መሬት በጋሻ ሲለካ ጎጃም ሳይለካ ቆየ። ቃላድ በተጣለበት አገር ብዙው መሬት ከአራሹ እጅ ወጥቶ ለመኳንንትና ለወታደር እንደተሰጠ ጎጃሜው ሰምቷል። ስለዚህ በእርሱ ዘንድ ልኬት ገለልተኛ ነገር አልነበረም። ገመድ ይዞ የመጣ ሰው መሬት ይዞ ይሄዳል።

ኅዳር 1960 ዓ.ም የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ዘመናዊ ሕግ ነው፤ ግብሩ የሚጣለው አራሹ ከእርሻው በሚያገኘው ገቢ ልክ ነው። ገቢው እንዲታወቅ ግን ገማች ማሳው ድረስ መምጣት ነበረበት። ገበሬው በገማቹ ውስጥ ያየው ቃላድ ጣዩን ነው። ሞጣና ቢቸናን፣ ዳሞትንም ጨምሮ የጎጃም ገጠር አመፀ፤ ገማቾች ተባረሩ። መንግሥት ጦር ላከ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ። መጨረሻ ላይ ግን ያፈገፈገው ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የቆየው የግብር ውዝፍም ተማረ።

ይህንን ታሪክ «ኋላ ቀር ገበሬ ዘመናዊነትን ተቃወመ» ብለው የሚያልፉት አሉ። እኛ አንስማማም። ገበሬው የተቃወመው ሌላ ሰው ለክቶት፣ ሌላ ሰው ጽፎት፣ ሌላ ሰው መዝገብ ቤት የሚገባውን ወረቀት ነው። የራሱ ቅጂ የሌለው ወረቀት ምን እንደሚያመጣበት ያውቅ ነበር።

አንጀኒ፦ አፈር የሚመዘገብበት ጎጥ

ሁሉም ልኬት ግን ጠላት አልነበረም። በ1967 ዓ.ም መሬት የሕዝብ ሆኖ ርስትም ቃላድም ካበቃ በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም፣ በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳ አንጀኒ በምትባል ስፍራ አንድ የምርምር ጣቢያ ተከፈተ። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚያካሂዱት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አካል ነበር። ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ስንት ዘነበ? ስንት ውሃ ወረደ? ስንት አፈር ይዞ ሄደ? በመቶ ሄክታር ገደማ በሆነች ተፋሰስ ላይ ይህ ለዓመታት ተለክቶ ተመዘገበ። እርከን ከተሠራ በኋላም መለካቱ ቀጠለ፤ ለውጡ በግምት ሳይሆን በቁጥር እንዲታይ።

የሊድን የአፈር ግዴታ ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው። ክረምት ላይ አባይ ቀልቶ የሚወርደው የዚህ አገር አፈር ስለሆነ ነው። አሜሪካ ተቀምጠው «ከመቆፈራችሁ በፊት የአፈር ዕቅድ አቅርቡ» የሚሉት ነገር ለምዕራብ ጎጃም ባዕድ አይደለም። አንድ ሕንፃ ሊቆም መሬቱ ሲገለጥና ሐምሌ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም፤ የአንጀኒ መዝገብ አለ።

በ1995 ዓ.ም የተወለዱ ሁለት ወረቀቶች

በ1989 ዓ.ም በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል ጎጃም ሌላ መራራ የመዝገብ ትምህርት ቀመሰ። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሹመት የነበረው ሁሉ «ቢሮክራት» ተብሎ ተመዘገበ፤ የተመዘገበም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ። መዝገብ ውስጥ የገባች አንዲት ቃል ማሳ ቆረሰች ማለት ነው። «ማን ጻፈው?» የሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለ ክብደት አለው።

ከዚያ 1995 ዓ.ም መጣ። በዚያ ዓመት ገደማ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ተጀመረ፤ ገበሬው ደብተር ይሰጠው ጀመር። አሠራሩን ልብ በሉ። የቀበሌው ሰዎች ራሳቸው ኮሚቴ መረጡ። ማሳው በገመድ ሲለካ ባለቤቱም ጎረቤቱም ቆመው አዩ። ካርታ ስላልነበረ የአዋሳኞች ስም በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ተጻፈ። ውጤቱ በሕዝብ ፊት ቀርቦ ቅሬታ ያለው እንዲናገር ዕድል ተሰጠ። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ተለጠፈ። መዝገቡ ቢሮ ሲቀር ደብተሩ ቤት ገባ። ጉድለት አልነበረውም አንልም፤ ነገር ግን በ1960 ገማችን ያባረረ አገር በ1995 ልኬትን ተቀበለ። በሁለቱ መካከል ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ለእኛ ትልቁ ሆኖ የሚታየን ግን ወረቀቱ በተለካው ሰው እጅ መግባቱ ነው።

በዚያው በ1995 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሌላ ወረቀት ተወለደ፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299። ብዙዎቻችን የማናውቀው ይህ አዋጅ የአገራችን የአረንጓዴ ግንባታ ሰነድ አባት ነው ብንል አላጋነንም። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ከለከለ። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ሰጪውም ይህንን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ አዘዘ። ሐሰተኛ መረጃ ለሚያቀርብ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር መቀጮ አስቀመጠ። መዝገብ አለመያዝም ራሱን የቻለ ጥፋት ሆነ። የጥናቱ ሪፖርት መጽደቁም ጉዳት ያደረሰውን ከተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በፕሮጀክቱ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት አዘዘ።

የሚገርመው አጋጣሚ በአማራ ክልል ሁለቱም ወረቀቶች በአንድ ጣሪያ ሥር መውደቃቸው ነው። በ1992 ዓ.ም የተቋቋመው የክልሉ መሥሪያ ቤት ሙሉ ስሙ «የአካባቢ ጥበቃ፣ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ባለሥልጣን» ነበር። አንዱ ወረቀት በገበሬው ሳጥን ውስጥ ገባ። ሌላው ግን አልገባም።

ቡሬ

በ2001 ዓ.ም የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ወጣ። ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ከፈለ። ፋብሪካና የሕዝብ መገልገያ፣ ከ12 ሜትር በላይ የሆነም ሕንፃ «ሐ» ነው፤ ጥብቁ ምድብ። አዋጁ በከተማ ብቻ አልተወሰነም፤ ከከተማ ውጭ ያለ የኢንዱስትሪና የአግሮ ኢንዱስትሪ ሕንፃንም ያዘ። የፕላን ስምምነት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚሉት የወረቀት ደረጃዎች በዚህ መንገድ ገጠር ደረሱ።

ቡሬም ለፋብሪካ ታጨች። ከቡልቡላ፣ ከይርጋለምና ከባዕከር ጋር ከአራቱ የመጀመሪያ የተቀናጁ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ የተመደበው ለእርሷ ነው። በ2013 ዓ.ም ፓርኩ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ትልቁ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም ቡሬ ላይ ተመረቀ። የበቆሎና የስንዴ አገር የፋብሪካ አገርም ሆነች። ለእንዲህ ያለ ግንባታ መሬቱን የሚለቅ ገበሬ የካሳ ክርክሩን የሚጀምረው ከደብተሩ ነው። የ1995ቱ የመጀመሪያ ወረቀት እዚህ ላይ ሥራውን ሠራ።

ሁለተኛውስ? የፋብሪካ ፍሳሽ የት ይገባል፣ ውሃ ከየት ይቀዳል፣ የተቆፈረ አፈር የት ይደፋል የሚለው መልስ ያለው በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ውስጥ ነው። ነገ አንድ ባለሀብት ቡሬ ላይ ኤጅ ወይም ሊድ አመለክታለሁ ቢል፣ የሚሰበስበው ሰነድ ግማሹ ይኸው ነው፤ የውሃ ቆጣሪ ንባብ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታ፣ የአፈር ዕቅድ፣ የዕቃ ደረሰኝ። መሐንዲስና አርክቴክት ለሆናችሁ አንባቢዎቻችን የምንላችሁ ፋይሉን ከመጀመሪያው ቀን ክፈቱ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚሰበሰብ ሰነድ በአብዛኛው ልብ ወለድ ነው።

ሌላም የማይጠፋን ነገር አለ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር አንድ ቤት አስቡ። ቋሚና ማገሩ ከጓሮ ባሕር ዛፍ፣ ምርጉ ከደጅ አፈርና ከጭድ። ለዚህ ግድግዳ ሲሚንቶ አልተቃጠለም፣ ብረት አልቀለጠም። ኤጅም ቢሆን ጭቃን አይንቅም፤ በግድግዳ ዓይነቶቹ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ነገር ግን ይህ ቤት ደረሰኝ የለውም፣ ፕላን የለውም፣ ፎቶ የለውም። ስለዚህ አረንጓዴ አይባልም። በአንጻሩ በመስታወት ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ በማቀዝቀዣ የሚኖር ሕንፃ ጎበዝ ሰነድ አዘጋጅ ከቀጠረ ነጥብ ሊለቅም ይችላል። ወረቀት እውነትን ሊያስቀምጥ ይችላል እንጂ ሊፈጥር አይችልም።

ስለዚህ ምን እንበል?

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል ግጭት ውስጥ ገብቷል፤ ፍኖተ ሰላምም ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ናት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ አረንጓዴ ሕንፃ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እኛ ግን ቢሮ በሚዘጋበትና ሹም በሚቀያየርበት ጊዜ ሰነድ በአንድ መሳቢያ ብቻ መቀመጡ ያስፈራናል። መሳቢያው የጠፋ ዕለት የገባው ቃል ሁሉ አብሮት ይጠፋል። የገበሬው ደብተር ግን ቤቱ አለ።

የአካባቢ ግምገማ ሪፖርትም ሆነ የአረንጓዴ ምስክር ወረቀት በገጠሩ ሰው ቋንቋ አጥሮ፣ ቁጥሩ ሳይደበቅ፣ አንድ ቅጂ ቀበሌው ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይጎድላል? ፋብሪካው በዓመት ይህን ያህል ውሃ ነው የምጠቀመው ካለ፣ ከወንዙ ግርጌ ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ ቁጥሩን ይወቀው። ለምዝገባው ጊዜ ጎረቤት ቆሞ እንዳየ ሁሉ ለፋብሪካውም አዋሳኙ ይቁምለት። አዋጁ በ1995 ዓ.ም ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን ሲል ያዘዘው ይህንኑ ነበር።

አፓርታማ ሻጩ ደግሞ መልሶ ቢደውል የምንለውን አዘጋጅተናል። ሣሩን ተወው፤ ፋይሉን አሳየን።

ቸር ይግጠመን።